ቪላን 20 ከሰርቨሩ አልወጣ አለኝ

ብርድ ለምዳለሁ (ደብረ ብርሃን)
ሰላም ለቤቱ። የምሠራበት መሥሪያ ቤት አንድ ሰርቨር አለው፤ ፕሮክስሞክስ (አንዱን ሰርቨር ወደ ብዙ ቨርቹዋል ማሽን የሚከፍል ሶፍትዌር) ተጭኖበታል። (ክፍሉ ማቀዝቀዣ የለውም። ለደብረ ብርሃን ማን ማቀዝቀዣ ይገዛል?) ላዩ ላይ ሦስት ቨርቹዋል ማሽኖች አሉ። ሁለቱ የሂሳብ ክፍል ናቸው፣ አንዱ የእንግዶች ዋይፋይ መቆጣጠሪያ። እስካሁን ሁሉም በአንድ ኔትወርክ ተደባልቀው ነው የኖሩት። ባለፈው በእንግዳው ዋይፋይ ገብቼ የሂሳቡን ሰርቨር ፒንግ ባደርገው (አለህ ወይ ብዬ ብጠይቀው) መለሰልኝ። ደነገጥኩ።

በቪላን (አንዱን ኔትወርክ በቁጥር በሚከፋፍለው ዘዴ) ሂሳብን 20፣ እንግዳን 30 ብዬ ለየሁ። ብሪጁን (በሰርቨሩ ውስጥ ማሽኖቹን የሚያገናኘውን) "ቪላን አዌር" (ቪላን የሚለይ) አደረግሁት፤ ታጉን (የቪላኑን ቁጥር) በየማሽኑ ኔትወርክ ካርድ ላይ ጻፍኩ። አሁን ሁለቱ የሂሳብ ማሽኖች እርስ በርስ ይገናኛሉ፤ ወደ ራውተሩ ግን ጭጭ። ታጉን ሳነሳው ይሠራል። ሦስት ቀኔ ነው። ምኑን ነው ያበላሸሁት?

ኬብል ጎታች
ወንድሜ፣ ፕሮክስሞክሱ ላይ ምንም አላበላሸህም። እርስ በርስ የሚገናኙት ትራፊካቸው ከብሪጁ ስለማይወጣ ነው። ወጥቶ ስዊቹ ጋ ሲደርስ ነው የሚቀረው። ሰርቨሩ የተሰካበት የስዊቹ ፖርት አክሰስ ነው አይደል? አክሰስ ፖርት የሚጠብቀው ታግ የሌለውን ነው፤ 20 የተለጠፈበት ሲመጣ ይጥለዋል። ትራንክ (ታግ ያላቸውን ብዙ ቪላኖች የሚያሳልፍ) አድርገውና 20 እና 30ን ፍቀድለት። ወደ ራውተሩ የሚሄደውንም ፖርት እንደዚሁ፤ ራውተሩም ሁለቱን ቪላኖች ማወቅ አለበት።

ጣርማ በር ላይ
ልክ ነው። ኔቲቭ ቪላኑን (ትራንኩ ላይ ታግ የሌለው ትራፊክ የሚመደብበትን) ግን እንዳትነካው! ፕሮክስሞክሱን የምትከፍትበት አይፒ ታግ የሌለው ከሆነ የሚያልፈው በእሱ ነው። እኔ አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ፣ ደብረ ሲና ያለ ስዊች ላይ ኔቲቩን ከ1 ወደ 99 ቀየርኩት። ገጹ እዚያው ድርቅ። በማግስቱ በሌሊት ተነስቼ ተሳፈርኩ፤ የጣርማ በርን ዋሻ በጉም አልፌ ወረድኩ። ሥራው ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። የመኪናውን ነገር አታንሱብኝ።

ብርድ ለምዳለሁ
ወንድምህ ሳልሆን እህትህ ነኝ 😀 ግን እግዜር ይስጥልኝ። ትራንክ ሳደርገው 20 ወዲያው ሠራ፤ ኔቲቩንም አልነካሁም። 30 ግን አሁንም እንቢ ብሏል።

ኬብል ጎታች
ይቅርታ እህቴ! የ30ው ማሽን ውስጥ ግቢና እይ። ምናልባት እዚያም ታግ ተጽፎ ይሆናል።

ብርድ ለምዳለሁ
አገኘሁት! ሦስት ቀን ስሞካክር ለካ ራሴው ሊኑክሱ ውስጥም 30 ብዬ ጽፌያለሁ። ፕሮክስሞክሱ ታጉን ልጦ ያስረክበዋል፤ ማሽኑ ደግሞ ታግ ያለውን ካላየሁ ብሎ ይጠብቃል። የውስጡን አጠፋሁት፣ ሠራ።

አራት ዜሮ ዘጠኝ አምስት
ቪኤምዌር (እንደ ፕሮክስሞክስ ያለ ሌላ ሶፍትዌር) ለምትጠቀሙ፦ ፖርት ግሩፑ (የማሽኖቹ ኔትወርክ ካርድ የሚያያዝበት ቅንብር) ላይ 4095 ከጻፋችሁ ታጉ ሳይነካ እስከ ማሽኑ ያልፋል። ያኔ ነው ውስጥ የሚጻፈው። ለመለያየት የሚያገለግሉት ከ1 እስከ 4094 ያሉት ናቸው።

ደግሞ እህታችን፣ አሁን ከእንግዳው ዋይፋይ ሂሳቡን ፒንግ አድርገሽዋል? ስዊቹ የለያየውን ራውተሩ መልሶ ያገናኘዋል እኮ።

ብርድ ለምዳለሁ
ወይ ጉድ። አሁንም ይመልሳል! ሻይ ልጠጣ ልወጣ ነበር።

…ተመልሻለሁ። ራውተሩ ፋየርዎል ላይ ከ30 ወደ 20 የሚሄደውን በሙሉ ዘጋሁት። በራሴ ስልክ አሥር ጊዜ ሞከርኩ፤ አንዱም አልመለሰ።