«ስትሪት» ስንት ጊዜ ይጨበጨባል? ልጄን ማስረዳት አቃተኝ

ሰላም ለሁላችሁ። እንግሊዝኛ የምታስተምሩ ካላችሁ እባካችሁ እርዱኝ። የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ልጄ 4ኛ ክፍል ናት። የቤት ሥራዋ የእንግሊዝኛ ቃላትን በክፍለ ቃል፣ ሲላብል በሚሉት ማለቴ ነው፣ መከፋፈል ነው። ማታ ማታ ቁጭ ብለን እያጨበጨብን እንቆጥራለን። «ስትሪት» ስላት አራቴ አጨበጨበች፦ ስ፣ ት፣ ሪ፣ ት። በእኛ ፊደል ካየነው እውነቷን ነው! በእንግሊዝኛ ግን አንድ ብቻ ነው፤ የሚቆጠረው የአናባቢው ድምፅ ነውና። ይሄን አስረዳኋት፣ ገባት።

የጨነቀኝ ቀጥሎ ያለው ነው። እራት ማለት የሆነው «ዲነር» ደብተሯ ላይ በሁለቱ ኤን መሀል ተከፍሏል፣ «ዲን» እና «ነር» ተብሎ። እሷም ልክ እኛ በዓሉን «ገና» ስንል እንደምናጠብቀው ኤኑን አጥብቃ ታነበዋለች። እንግሊዞቹ ግን አያጠብቁትም፣ አንዴ ብቻ ነው የሚሉት። አንዱን ኤን ብናወጣው ደግሞ «ዳይነር» ይሆናል፣ ሌላ ቃል። ታዲያ ሲጻፍ የሚከፈልበትና ሲነገር የሚከፈልበት ቦታ ይለያያል ማለት ነው? «ዌንስደይ»ስ? ሲነገር ሁለት ነው፣ ሲጻፍ ግን መሀሉ ላይ የማይነበብ ዲ እና ኢ አለ። የት ላይ ልቁረጥላት?

ዓርብ ፈተና አላት። ማንበብ በጣም ነው የምትወደው፣ በዚህ የተነሳ እንዳትጠላብኝ ፈራሁ። ለልጅ በሚገባ መንገድ እንዴት ብዬ ላስረዳት?