የጡረታ አበል ማስተካከያ ስንጠይቅ በመቶኛ ይጨመርልን እንበል ወይስ አበላችን በዛሬው ደመወዝ እንደገና ይሰላልን?

ጥያቄ፦ ጡረተኛ መምህር

ጤና ይስጥልኝ። በ2010 ዓ.ም. 35 ዓመት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። በሰፈራችን የምንገኝ የቀድሞ የመንግሥት ሠራተኞች ተሰባስበን አበላችን እንዲስተካከል የሚጠይቅ ማመልከቻ እያዘጋጀን ሳለ በአንድ ነጥብ ላይ መስማማት አቃተን። ከፊሎቻችን «በመቶኛ ይጨመርልን» ስንል፣ የቀሩት ደግሞ እንሠራበት የነበረው የሥራ መደብ ዛሬ የሚከፈለው ደመወዝ መነሻ ሆኖ አበላችን እንደገና ይሰላልን ይላሉ።

እኔ የወጣሁት በአዋጅ ቁጥር 714/2003 መሠረት ነው። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት፣ ከመውጣታችን በፊት ባሉት 3 ዓመታት ከተከፈለን አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ይያዛል፤ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት 1.25 በመቶ ይታከልበታል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። በዚህ ስሌት የእኔ ድርሻ 61.25 በመቶ ሆነ። በመቶኛው ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ ደመወዙ በወጣሁበት ዓመት ቆሞ መቅረቱ ነው። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ዘይትና መድኃኒት የምንገዛው በዛሬው ዋጋ ነው። በዚህ ነገር ልምድ ያላችሁ ሰዎች የትኛውን ብንጠይቅ ፍትሐዊ እንደሚሆን ብትነግሩን እናመሰግናለን።

መልስ 1፦ የቀድሞ የሰው ሀብት ሠራተኛ

የተከበሩ መምህር፣ እኔ ለብዙ ዓመታት የጡረታ መውጫ ሰነድ ሳዘጋጅ የኖርሁ ስለሆንሁ በቁጥር ላስረዳዎ። ሁለት መምህራን በአንድ የሥራ ደረጃ እኩል 35 ዓመት አገለገሉ እንበል። ቀድሞ የወጣው አማካይ ደመወዙ 6,000 ብር ቢሆን አበሉ 3,675 ብር ነው፤ ዘግይቶ የወጣው አማካዩ 15,000 ብር ቢደርስ 9,187.50 ብር ያገኛል። አሁን ለሁለቱም 20 በመቶ ቢጨመር ለመጀመሪያው 735 ብር፣ ለሁለተኛው 1,837.50 ብር ይደርሳል። ሥራቸውም የአገልግሎት ዘመናቸውም እኩል ሆኖ ሳለ በመካከላቸው ያለው ልዩነት በመቶኛ ጭማሪው ምክንያት ይሰፋል እንጂ አይጠብም። ስለዚህ የእኔ ምክር የመነሻ ደመወዙ ይታረም በሚለው ላይ እንድትጸኑ ነው።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። በቅርቡ የሚወጡትም ቢሆኑ ሙሉ በሙሉ ተጠቃሚ አይደሉም። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ዝቅተኛው የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል። ነገር ግን በታኅሣሥ 2018 መጨረሻ ጡረታ የወጣ ሰው አማካዩ ከተያዘባቸው 36 ወራት ውስጥ በአዲሱ ደመወዝ የተቆጠሩለት 4 ወራት ብቻ ናቸው። እነዚህን ሰዎችም በማመልከቻችሁ ብታስቧቸው ደጋፊያችሁ ይበዛል።

መልስ 2፦ የተተኪ አበል ተቀባይ

መምህር፣ እኔ ባለቤቴ ጡረታ በወጣ በሦስተኛው ዓመት ያረፈብኝ ሴት ነኝ። የምቀበለው የእርሱን አበል ግማሽ ነው። ከላይ ወንድማችን ባስቀመጡት ምሳሌ ብሄድ የቀድሞው መምህር ሚስት የሚደርሳት በወር 1,837.50 ብር ነው፤ ይህም ለአዲሱ ጡረተኛ ከተጨመረው ብቻ ጋር በሳንቲም እኩል መሆኑን ስመለከት ደነገጥሁ። ለእኔ ቢጤዋ 20 በመቶ የቤት ኪራይ ጭማሪውን እንኳ አይሸፍንም። እባካችሁ ለዝቅተኛው አበል ወለል እንዲቀመጥ፣ ወለሉም ለተተኪዎች ሳይገመስ እንዲሠራ ጠይቁልን። እኛ ስብሰባ የምንወጣበት አቅም የለንም፤ ስማችን ካልተጠቀሰ በቀላሉ እንረሳለን።

መልስ 3፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ

እዚህ አሜሪካ የማኅበራዊ ዋስትና አበል እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ የዋጋ መለኪያን ተከትሎ በየዓመቱ ማንም ማመልከቻ ሳያስገባ ይስተካከላል፤ ንረቱ በከፋ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2023 የተደረገው ጭማሪ 8.7 በመቶ ነበር። ለእናንተ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የህንድ መንግሥት አሠራር ይመስለኛል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የማዕከላዊ መንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ ሲከለስ ቀደም ብለው የወጡት ጡረተኞች መሠረታዊ አበልም በ2.57 ተባዝቶ አብሮ ተነሥቷል። የደመወዝ ክለሳ በመጣ ቁጥር ጡረተኛው በዚያው ውሳኔ ውስጥ እንዲካተት መጠየቅ ይቻላል ማለት ነው። አባቴም አዲስ አበባ የሚኖሩ ጡረተኛ ናቸው፤ እኔ ባልልክላቸው በአበላቸው ብቻ እንዴት እንደሚኖሩ ማሰብ ያስጨንቀኛል፤ የሚልክለት ልጅ የሌለውስ?

መልስ 4፦ በፋይናንስ ሥራ የነበረ

«ገንዘቡ ከየት ይምጣ?» የሚል ጥያቄ እንደሚገጥማችሁ አትጠራጠሩ። ሠራተኛው 7 በመቶ፣ መሥሪያ ቤቱ 11 በመቶ ሲያዋጡ የተጠራቀመው ፈንድ ለረጅም ዓመታት በአብዛኛው በግምጃ ቤት ሰነድ ላይ ሲውል የኖረው ከዋጋ ንረቱ እጅግ ባነሰ ወለድ ነበር። መንግሥት በርካሽ የተበደረው የጡረተኛውን ገንዘብ ነው፤ ስለዚህ ከበጀት ድጎማ መጠየቃችሁ እንደ ልመና ሊቆጠር አይገባም። ይህን አንቀጽ በማመልከቻው መግቢያ ላይ ብታሰፍሩት መልካም ነው።

ጠያቂው፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ የመልስ 1ን ስሌት ለጓደኞቼ ሳነብላቸው በመቶኛ ይጨመር ሲሉ የነበሩት ራሳቸው ሐሳባቸውን ለወጡ። ረቂቁ አሁን ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ለተተኪዎችም የማይገመስ ወለል እንዲቀመጥ፣ የቀድሞ ጡረተኛ አበል በሥራ መደቡ የአሁን ደመወዝ እንዲሰላ፣ ከእንግዲህ የደመወዝ ጭማሪ ሲወሰን አበሉም በዚያው ውሳኔ አብሮ እንዲከለስ። እህቴ ሆይ፣ የእርስዎ ጉዳይ በመጨረሻ የነበረውን ቦታ ትቶ አንደኛ ተራ ቁጥር ላይ ገብቷል።