የሞንጎመሪው የአውቶቡስ አድማ በዘመኑ ሰነዶች፦ የጋራ ዕቅዳችን

አስተባባሪ፦
ጤና ይስጥልን። ለሐዋሳ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ስለምናዘጋጀው ዐውደ ርዕይ ነው። ርዕሱ በአሜሪካ አላባማ ግዛት፣ በሞንጎመሪ ከተማ፣ ጥቁርና ነጭ በአውቶቡስ ተለያይተው በሚቀመጡበት ዘመን ጥቁሮች «አንሳፈርም» ብለው ያደረጉት አድማ ነው። ሐሳቤ አጭር ነው። ታሪኩን እኛ አንተርክ፤ ተማሪው የዘመኑን ወረቀት አንብቦ ራሱ ይፍረድ። የጎደለውን ሙሉበት፣ ያልጣማችሁን ንገሩኝ።

የታሪክ መምህር፦
በጣም ጥሩ ነው እህቴ። ግን ሰነድ አናብዛ። እኔ በሁለት ወረቀት ብቻ እጀምራለሁ። አንዱ ጥቁሯ ሮዛ ፓርክስ ከአውቶቡስ ወንበሯ አልነሳም ብላ በተያዘችበት ቀን፣ ዲሴምበር 1 ቀን 1955፣ ፖሊስ የሞላው ሪፖርት ነው። «አንዲት ጥቁር ሴት በነጮች ክፍል ተቀምጣ ወደ ኋላ አልሄድም ብላለች» የሚለውን የሾፌሩን ቃል መዝግቧል። ሌላው በኋላ ለፍርድ ቤት በማስረጃነት የቀረበው የአውቶቡሱ ንድፍ ነው። ወንበሮቹን ቁጠሯቸው። ለነጮች የተያዙት ፊት ያሉት 10 ወንበሮች ናቸው። እሷ የተቀመጠችው ከእነሱ ቀጥሎ ባለው ረድፍ ነው። በነጮች ክፍል አልነበረችም! ፊቱ ሲሞላ ሾፌሩ ድንበሩን ወደ ኋላ ገፋው፣ እሷም አልነሳም አለች። ሁለቱን ጎን ለጎን ሰቅለን «የትኛውን ታምናላችሁ? ለምን?» እንበላቸው። ክፍሉ በክርክር ይሞቃል።

የሥነ ዜጋ መምህርት፦
ልጆቹ የሚያውቁት «የደከማት ሴትዮ አልነሳም አለች፣ ሕዝቡም ተነሣ» የሚለውን ነው። ይሄ አተራረክ ያናድደኛል። የስንት ሰው ልፋት ይጠፋበታል! ሮዛ ገና 42 ዓመቷ ነበር፤ በከተማዋ የጥቁሮች መብት ማኅበር ጸሐፊም ሆና ሠርታለች።

ስለዚህ የጆ አን ሮቢንሰን ደብዳቤ የግድ ይግባ። ይህች መምህርት የሴቶች የፖለቲካ ምክር ቤት መሪ ነበረች። ለከንቲባው የጻፈችው ሜይ 21 ቀን 1954 ነው፤ ሮዛ ከመያዟ ከአንድ ዓመት ተኩል በፊት። ከተሳፋሪው ሦስት አራተኛው ጥቁር ነው፣ እነሱ ካልተሳፈሩ አውቶቡሶቹ ሊሠሩ አይችሉም፣ ከ25 በላይ ማኅበራትም ስለ አድማ እየተነጋገሩ ነው ትለዋለች። እንዴት ያለ ጨዋ ማስጠንቀቂያ ነው! ከጎኑ ሮዛ በተያዘች ሌሊት ስታባዛው ያደረችው የአድማ ጥሪ በራሪ ወረቀት ይሰቀል። የሮዛ ስም የለበትም፤ «ሌላ ጥቁር ሴት» ብቻ ነው የሚለው። ከእሷ በፊት የ15 ዓመቷ ክሎዴት ኮልቪን ተይዛ ነበርና። በአውቶቡስ ጥቁርና ነጭን መለያየቱን ሕገወጥ ያሰኘው ክስ ላይም ከከሳሾቹ አንዷ ክሎዴት ናት፤ ሮዛ የለችበትም።

የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ፦
የፖሊሱ ሪፖርትና ንድፉ በአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ስለሚገኙ ጥራት ያለው ቅጂ ማውረድ ይቻላል። መብራት እየጠፋ ስለሚያስቸግር ፕሮጀክተሩን እንተወው፤ በትልቅ ወረቀት እናሳትም። አደራ፣ የፎቶ መግለጫ ላይ እንጠንቀቅ። ሮዛ አሻራ ስትሰጥ የሚያሳየው ዝነኛ ፎቶ በተያዘችበት ቀን የተነሣ አይደለም። ፌብሩዋሪ 1956 ላይ የአድማው መሪዎች በጅምላ ሲከሰሱ ነው። ቀኑን በእኛም አቆጣጠር እንጻፈው። የተያዘችው ኅዳር 21 ቀን 1948 ነው፤ የጽዮን ማርያም ዕለት። ብዙዎቹ አይረሱትም።

ጡረታ የወጡ መምህር፦
ልጆቼ፣ በርቱ። አንድ ነገር ልጨምር። ተማሪው ከቤቱም አንድ የቆየ ወረቀት ይዞ ይምጣ። የእድር መዝገብም ይሁን የግብር ደረሰኝ። ማን ጻፈው? ለማን? ምን ሳይጽፍ ቀረ? በራሱ ሰፈር ወረቀት ላይ የጠየቀ ልጅ የአላባማውን ፖሊስ ሪፖርት ለመጠየቅ አይፈራም።

አስተባባሪ፦
እሺ ጋሼ፣ የእርስዎ ሐሳብ መክፈቻው ይሁን። ከዚያ ሪፖርቱና ንድፉ፣ ቀጥሎ ደብዳቤውና በራሪ ወረቀቱ፣ መጨረሻ ላይ ከ381 ቀን በኋላ አድማው ያበቃበት የፍርድ ውሳኔ። ከየሰነዱ ሥር የአማርኛና የሲዳምኛ ትርጉም ይኖራል። አማርኛውን እኔ እይዛለሁ። ለሲዳምኛው ሁለት ሰው እፈልጋለሁ፤ አንዱ ተርጓሚ፣ አንዱ አራሚ። የማተሚያ ዋጋም እስከ ዓርብ ይላክልኝ፤ ያለ እሱ በጀቱን መሙላት አልችልም።