እህቴ ኮምፒውተር ሳይንስ ብላ ብትሞላ የመግባት ዕድሏ ይቀንሳል ወይ?

የከዚራ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ከድሬ ነው። ታናሽ እህቴ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ናት፣ ናቹራል። ከ9ኛ ጀምሮ ደረጃዋ ከሦስተኛ ወርዶ አያውቅም። አሜሪካ ላሉ ዩኒቨርሲቲዎች ለማመልከት ፎርም መሙላት ጀምራለች። ቤታችን የሚከፈል ብር የለም፤ ሙሉ ስኮላርሺፕ ካላገኘች ነገሩ አበቃ። ፎርሙ ላይ ምን መማር እንደምትፈልግ ይጠይቃል። እሷ የምትፈልገው ኮምፒውተር ሳይንስ ነው። አንድ ዘመዳችን ግን «እሱ ዓለም ሁሉ የሚጋፋበት ነው፤ ጂኦሎጂ ብለሽ ግቢና እዚያ ትቀይሪዋለሽ» አላት። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የላትም። እውነት ነው? የምታውቁ ንገሩን አቦ።

ሳቢያን፦
እንደ ዩኒቨርሲቲው ነው። አንዳንዶቹ መጀመሪያ ተማሪውን ይቀበላሉ፣ ዲፓርትመንት በኋላ ይመረጣል። ኤም.አይ.ቲ ማንንም በዲፓርትመንት አይቀበልም፤ ተማሪው አንደኛ ዓመትን ሲጨርስ ይመርጣል። ሃርቫርድና ዬል ደግሞ ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው።

ሌሎቹ ገና ከበሩ ይለያሉ። ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ፣ ሲያትል ያለው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ፣ ካርኔጊ ሜለን እንደዚያ ናቸው። እነሱ ጋ ኮምፒውተር ሳይንስ መግባት ሌላው ክፍል ከመግባት በጣም ይከብዳል። እስከዚህ ዘመዳችሁ ልክ ነው። ግን እነዚሁ ናቸው በኋላ መቀየርንም አስቸጋሪ ያደረጉት። ጂኦሎጂ ብላ ገብታ ጂኦሎጂ ይዛ ትመረቃለች።

የጀጎል ልጅ፦
ሳቢያን፣ ብሩን ረሳኸው። ከበሩ የሚለዩት ብዙዎቹ ትልልቅ የስቴት ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው፤ ለውጭ አገር ተማሪ ሙሉ ወጪ አይሸፍኑም። ካርኔጊ ሜለን የግል ነው፣ እሱም ለውጭ ተማሪ የገንዘብ ድጋፍ አይሰጥም። ስለዚህ እህትህ ብትገባም አትማርም።

የቤተሰብ አቅም ሳያዩ ተቀብለው፣ የጎደለውን በሙሉ የሚሞሉት ጥቂት ናቸው፤ ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤም.አይ.ቲ፣ አምኸርስት። እነሱ ደግሞ ኮምፒውተር ሳይንስ ስለሞላች ብለው በሩን አያጠቡባትም። ፕሪንስተን ብቻ ኢንጂነሪንግ ነው ወይስ ሌላ ብሎ ይጠይቃል፣ ኮምፒውተር ሳይንስ ግን በሁለቱም በኩል አለ። ዘመዳችሁ የፈራው በር እሷ የምታንኳኳው አይደለም።

ችግሩ ሌላ ነው። ሃርቫርድ ከ100 አመልካች 4 ገደማ ብቻ ነው የሚቀበለው። በነሱ ብቻ አትንጠልጠል። ትንንሾቹን ኮሌጆችም ታስገባ። ማካሌስተር አቅም ያያል፣ ግን ከተቀበለ የጎደለውን ይሞላል። ኬንታኪ ያለው ቤሪያ ቲዩሽን አያስከፍልም፤ ተማሪው ሁሉ እየሠራ ነው የሚማረው። ኮመን አፕ በሚባለው የጋራ ማመልከቻ ድረ-ገጽ ላይ እስከ 20 ኮሌጅ መጨመር ይቻላል፣ የማመልከቻ ክፍያ ማስቀሪያም መጠየቅ ትችላለች።

ፍሬሽማን የቀመሰ፦
ሰው የሚሳሳተው የእኛን አሠራር በልቡ ይዞ ስለሚያስብ ነው። እዚህ መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ ትሞላለህ፣ ፍሬሽማን ትማራለህ፣ ከዚያ በውጤት ዲፓርትመንት ይደርስሃል። እኔ በትንሽ ነጥብ አምስተኛ ምርጫዬ ላይ ወድቄያለሁ፣ እስካሁን ያንገበግበኛል። እና ልጅቷ አሜሪካ አሜሪካ ስትል ብሔራዊ ፈተናውን እንዳትረሳው። ማለፊያው 50 ከመቶ ነው፣ ቀልድ የለም።

ቲቸር ሳራ፦
ልጅቷ ከክፍል ውጪ ምን ትሠራለች? ይሄን ሳናውቅ ምንም ማለት አንችልም።

የከዚራ ልጅ፦
እናመሰግናለን ቲቸር፣ ስለጠየቁን። አጎታችን እዚሁ ድሬ፣ ታይዋን ገበያ ሞባይል ይጠግናል። ከትምህርት ቤት ስትወጣ እዚያ ትውላለች። ድሮ የስክሪንና የባትሪ ሂሳቡን ካርቶን ጀርባ ላይ ነበር የሚጽፈው። እሷ ቁልፎቹ የወላለቁ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ በኤክሴል ሠራችለት። ዕቃው ከሦስት ሲያንስ መስመሩ ቀይ ይሆናል። አሁን አጎቴ ቀይ ሲያይ ነው ዕቃ የሚያዘው። በዩቲዩብ ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ መማር ጀምራለች። ግን ሰርተፍኬት የለውም፣ ምን ዋጋ አለው?

ቲቸር ሳራ፦
መጀመሪያ «ስለጠየቁን» አትበለኝ፣ ድሬ አንቱታ የለም 😄

ሰርተፍኬቱን ተወው። ከፎርሙ ጋር ለምትልከው ድርሰት ያ ቀይ መስመር ነው ርዕሷ! ፎርሟን የሚያነበውን ሰው አስበው። ጂኦሎጂ ይላል። ድርሰቱ የሞባይል ሱቅ ነው። የምስክርነት ደብዳቤው የሒሳብ መምህሯ ነው። ሰውዬው «ድንጋዩ የታለ?» ይላል። ኮምፒውተር ሳይንስ ብትል ግን ሁሉም ነገር ይገጥማል። እውነት ድንጋይ የምትወድ ልጅ ብትሆን ጂኦሎጂ ሙዪ እላት ነበር።

ሌላው ቪዛ ነው። የትምህርት መስኩ ዩኒቨርሲቲው ለቪዛ የሚሰጣት አይ-20 የሚባለው ወረቀት ላይ ይጻፋል። ቆንስላው ለምን ይሄን መረጥሽ ብሎ ሊጠይቃት ይችላል። እዚያ መስኮት ላይ ቆማ በሌላ ሰው ምርጫ መንተባተብ አለ።

ሳቢያን፦
«ገና አልወሰንኩም» የሚለውንስ? እኔ የማውቀው ልጅ እሱን ሞልቶ ገብቷል።

ቲቸር ሳራ፦
ላልወሰነ ሰው ጥሩ ነው። እሷ ወስናለች እኮ። ደግሞ ኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቀው ሲጨርሱ አሜሪካ ውስጥ ለተመራቂ የውጭ ተማሪ በሚፈቀደው የ12 ወር የሥራ ፈቃድ ላይ ሌላ 24 ወር መጠየቅ ይቻላል። ፍልስፍና ላይ ይሄ የለም።

የከዚራ ልጅ፦
ወላሂ ቀለል አለን። አጎቴ የምስክርነት ደብዳቤ ቢጽፍላትስ?

ቲቸር ሳራ፦
አጎት ቤተሰብ ነው፣ አይሆንም። የሒሳብ መምህሯ ሱቁ ድረስ ሄዶ ይየውና እሱ ይጻፍ። ትራንስክሪፕቱን ዛሬውኑ ጠይቁ፣ የሬጅስትራር ቢሮ አይቸኩልም። ብዙዎቹ የሚዘጉት በፈረንጅ ጃንዋሪ 1 ነው፤ በእኛ ታኅሣሥ 22 ወይም 23፣ እንደ ዓመቱ። ባለፈው አንድ ልጅ ጥር 1 መስሎት አምልጦታል።

የከዚራ ልጅ፦
እኛም ጥር 1 ነበር የጻፍነው! አሁን አስተካከልኩት።