ላሚኔቱ አብጦ ተነሳ፦ በሴራሚክ ልቀይረው ወይስ ላሚኔት ልድገም? (አስቸኳይ)

የሳሎን_ጣጣ፦
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። የሳሎኑ ላሚኔት በረንዳ በሩ ጋ አብጦ ተነስቷል፣ በሩም እየታከከ አልከፈት ብሏል። ነገ ጠዋት ሠራተኛ ይመጣል፣ ዛሬ ማታ መወሰን አለብኝ። ሁሉንም አስነስቼ ሴራሚክ ላስነጥፍ ወይስ ወፍራም ላሚኔት ልድገም? ክፍሉ 5 በ4 ነው። ልጆች አሉ።

ውሃልክ፦
ምድር ነው ፎቅ? ከሥሩ ሊሾ ነው ወይስ የድሮ ሴራሚክ? ከላሚኔቱ ሥር ፕላስቲክ ተነጥፏል? ይህን ሳትነግሪን የሚመልስልሽ ሰው ካለ ጠንቋይ ነው።

ምንጣፍ_ዘርጊ፦
ምንጣፍ ጣል አድርጊበትና እንግዳ ሲመጣ አንቺ እዚያው ላይ ቁሚበት 😂

መሐንዲስ_ነኝ_ባይ፦
ቀድሞ ነገር ላሚኔት ምን እንደሆነ እንወቅ። መሐሉ የተጨመቀ የእንጨት ብናኝ ነው፤ ላዩ ላይ የእንጨት ፎቶ የታተመበት ወረቀት አለ፤ ከዚያ በላይ ግልጽና ጠንካራ ሽፋን። ካርቶኑ ላይ ኤሲ3፣ ኤሲ4 ተብሎ የሚጻፈው የላዩ ሽፋን ለመፋቅ ያለውን ጥንካሬ እንጂ ውሃ መቻሉን አይናገርም። ለሳሎን ኤሲ3 ይበቃል፣ ልጆች ካሉ ኤሲ4 ይሻላል። ውፍረቱ 8 ሚሊም ሆነ 12፣ ብናኙ ውሃ ከጠጣ ያብጣል፣ ቢደርቅም ወደ ልኩ አይመለስም። ፖርስሊን የሚባለው የሴራሚክ ዓይነት ግን የሚጠጣው ውሃ ከክብደቱ ከ0.5 በመቶ አይበልጥም። ስለዚህ በሳይንስ ካየነው...

ዝም_አልልም፦
አይ እንግዲህ፣ ሌክቸሩን ለነገ አሳድረው። እኔ ጥያቄው ራሱ ልክ አይመስለኝም። ላሚኔት ወይስ ሴራሚክ ከማለትሽ በፊት ለምን እንደተነሳ እወቂ። ያበጠውን ቦታ በእግርሽ ጫን በይው። ወርዶ መልሶ ብድግ ካለ፣ የሰሌዳዎቹ መገጣጠሚያም ለጥ ያለ ከሆነ መስፊያ አጥቶ ነው፦ ግድግዳው ጋ ክፍተት አልተተወለትም። ዞኮሎውን (የግድግዳውን ግርጌ ዙሪያውን የሚሸፍነውን) ንቀይና እዪ። ሰሌዳው ግድግዳውን ከነካ 10 ሚሊሜትር ያህል ማስቆረጥ ነው፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ራሱ ይተኛል። መገጣጠሚያው በጣት ሲዳሰስ ጠርዝ ጠርዙ ወፍሮ እንደ ጅማት ከወጣ ግን ውሃ ጠጥቷል፣ ያ ሰሌዳ አለቀለት።

ሦስተኛ_ፎቅ፦
ዞኮሎውን አንሺና ዳር ዳሩን አስቆርጪው፣ ይስተካከላል።

ዝም_አልልም፦
@ሦስተኛ_ፎቅ አሁን እኮ ነው የተባለው።

የሳሎን_ጣጣ፦
ምድር ነው፣ ከሥሩ ሊሾ። ውሃ አልፈሰሰም። ዞኮሎውን አንስቼ አየሁት፣ በበሩ በኩል ግድግዳውን ነክቶታል። ግን ጠርዙም ወፈር ብሏል። ሁለቱም ሊሆን ይችላል እንዴ?

ዝም_አልልም፦
ይችላል። እርጥበት አሰፋው፣ መሄጃ ሲያጣ ወደ ላይ ተነሳ። የቀረሽ እርጥበቱ ከታች ነው ወይስ በበሩ በኩል የሚለው ነው። ነገ ሠራተኛው ምንም እንዳያነጥፍ። በሩ ጋ ያለውን ላሚኔት ከሥሩ ከተነጠፈው ስስ ፎም ጋር ያንሳና 1 ሜትር በ1 ሜትር ፕላስቲክ ሊሾው ላይ ዘርግቶ አራቱንም ጎን በፕላስተር ይለጥፈው። እንዲሁ ሌላ ፕላስቲክ ክፍሉ መሐል ላይ። ከ3 ቀን በኋላ ግለጡት። ሁለቱም ሥር ጤዛ ካለ ወይም ሊሾው ከጠቆረ ከመሬት ነው የሚመጣው። በሩ ጋ ብቻ ከሆነ በዝናብ ነው፤ የበረንዳው ወለል ወደ ውጭ ማዘንበሉንና የደፉን ስንጥቅ ተመልከቺ።

ባለካዙላ፦
ከመሬት ከሆነ ሴራሚክ አስነጥፊ፣ አትድከሚ። የሲሚንቶ ኮላ እርጥበት ይችላል፣ በባልዲ የሚመጣው ዝግጁ ኮላ ግን አይሆንም። 20 ካሬ ነው፣ ለብክነት 10 በመቶ ጨምረሽ 22 ግዢ፤ ሰያፍ ከሆነ 23። የካርቶኖቹ የምርት ቁጥር አንድ ይሁን፣ አለበለዚያ ቀለሙ ይለያያል። ለ60 በ60፣ ኮላ በካሬ ከ5 እስከ 6 ኪሎ ይፈጃል፣ ስለዚህ ባለ 25 ኪሎ 5 ከረጢት።
አነጣጠፉን ቁመሽ እዪ። ባለ 10 ሚሊ ጥርስ ካዙላ (የኮላ መዘርጊያ)፣ መስመሩ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ የሴራሚኩም ጀርባ በስሱ ይቀባ። አራቱ ጥግና መሐሉ ላይ ጉብ ጉብ አድርጎ የሚለጥፍ ካየሽ አስቁሚው፤ ከሥር ባዶ ስለሚቀር የሆነ ነገር ሲወድቅበት እዚያው ላይ ይሰነጠቃል። አንዱን ወዲያው አስነሺና ጀርባው በሙሉ ኮላ መያዙን አረጋግጪ። በመሐላቸው ከ2 እስከ 3 ሚሊ፣ ግድግዳው ጋ ቢያንስ 5 ሚሊ ይተው፤ የግድግዳውን ክፍተት በሲሚንቶ እንዳይደፍነው፣ ዞኮሎው ይሸፍነዋል። ቦያካ (የመሐል ክፍተቱ መሙያ) ከ24 ሰዓት በኋላ።
በሩንም አትርሺ። ላሚኔትና ፎም 10 ሚሊ ገደማ ነው፣ ሴራሚክ ከነኮላው ወደ 15 ይጠጋል። አሁን የሚታከከው በር ያኔም ይታከካል፣ ከሥሩ ይላግ።

ሦስተኛ_ፎቅ፦
ሴራሚክ ይቀዘቅዛል፣ ልጅ መሬት ላይ ነው የሚውለው። የወደቀ ብርጭቆም አይተርፍም።

ውሃልክ፦
እሱም እውነት ነው። ዝናብ ብቻ ከሆነ ሁለቱን ማዋሐድ ይቻላል፦ በሩ ጋ 1 ሜትር ያህል ሴራሚክ፣ ቀሪው ላሚኔት፣ መሐላቸው 10 ሚሊ ክፍተት ተትቶ በብረት መሸፈኛ። መሸፈኛው ወለሉ ላይ እንጂ ላሚኔቱ ላይ አይቸነከር፣ ከተቸነከረ መስፋት ያቅተውና ተመልሶ ይነሳል። ከፍታው እንዲገጥም የላሚኔቱ ሊሾ በ5 ሚሊ ያህል ከፍ ይደረግ። ከላሚኔቱ ሥር 0.2 ሚሊ ፕላስቲክ፣ መደራረቢያው 20 ሳንቲም፣ በፕላስተር ታሽጎ። ካርቶኖቹ ሳይከፈቱ ሳሎን ውስጥ 48 ሰዓት ይቆዩ። ሊሾው በ2 ሜትር ከ3 ሚሊ በላይ ከጎደጎደ መጀመሪያ ይስተካከል፣ አለዚያ የላሚኔት ሰሌዳዎቹ እርስ በርስ የሚያያዙበት መቆለፊያ ይሰበራል።

ምንጣፍ_ዘርጊ፦
ቀልዱን ትቼ ልጠይቅ፦ ፎሙ ራሱ ፕላስቲክ የተለጠፈበት ከሆነስ? ሌላ ይጨመር?

ውሃልክ፦
አይጨመርም፣ በሁለቱ መሐል እርጥበት ይታፈናል። የተለጠፈው ወደ የትኛው ጎን እንደሚዞር ጥቅሉ ላይ ተጽፏል።