የፔንሲዮን ኢንተርኔት በመብራት መስመር፦ ስንት አዳፕተር፣ የት የት ይሰካ?

ባለ ፔንሲዮኑ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ላይ ጂ+3 ፔንሲዮን አለኝ። ራውተሩ ሪሴፕሽን ነው ያለው። ዋይፋዩ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ጭራሽ የለም። ቀለም ገና ስለተቀባ ግድግዳ ማስቦርቦር አልፈልግም። በመብራት መስመር ኢንተርኔት የሚያስተላልፉትን አዳፕተሮች ለየክፍሉ ልግዛ? ቆጣሪው ሶስት ፌዝ ነው፤ መብራቱ በሶስት የተለያዩ የኃይል መስመሮች ነው የሚገባው።

ሽቦ ዘርጊው፦
ወንድሜ፣ ሳትገዛ ቦርዱን አስከፍት። የትኛው ፎቅ በየትኛው ፌዝ እንደሚሄድ በወረቀት ይጻፍልህ። ራውተሩና ፎቁ ፌዛቸው ከተለያየ ሲግናሉ ወይ አይሻገርም፣ ወይ ተዳክሞ ይደርሳል። በፌዞቹ መሃል ኮፕለር፣ ማለትም ሲግናሉን ከአንዱ ፌዝ ወደ ሌላው የሚያሻግር ዕቃ፣ ማስገባት ይቻላል። እሱን ግን ባለሙያ ብቻ ይንካው፤ ቀልድ የለም።

ራውተር ነካኪ፦
ለየክፍሉማ እንዳታደርገው! መስመሩ የጋራ ነው፤ አዳፕተሮቹ ተራ እየጠበቁ ነው የሚያወሩት። ለአንድ ፎቅ አንድ ይበቃል፣ ኮሪደሩ መሃል ላይ፣ ዋይፋይ ከሚያሰራጭ አክሰስ ፖይንት ጋር። ሲግናል ተቀብሎ መልሶ የሚልክ ሪፒተር በጨመርክ ቁጥርም ያው መረጃ መስመሩን ደግሞ ይይዘዋል፤ ፍጥነቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ካርቶኑ ላይ «200 ሜጋ» የሚለው አያታልልህ፤ እጅህ የሚገባው ከግማሹም በታች ነው።

ባለ ፔንሲዮኑ፦
ሪሴፕሽን ያለው ሶኬት ላይ ዲቫይደርና ስታቢላይዘር አለ። ችግር አለው?

ሽቦ ዘርጊው፦
እንዴታ! እነዚያ «200 ሜጋ» የሚባሉት አዳፕተሮች የሚሠሩት ከ2 እስከ 28 ሜጋኸርዝ ባለው ሞገድ ነው። መከላከያ ያለው ዲቫይደር ይህንን እንደ ረብሻ ቆጥሮ ያጣራዋል። ግድግዳው ላይ በቀጥታ ሰካው። ርካሽ የስልክ ቻርጀርም አጠገቡ አይሁን።

ታዛቢ ከቨርጂኒያ፦
እዚህ ማናሳስ የምትባል ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ2005 ለነዋሪው በሙሉ በመብራት መስመር ኢንተርኔት ዘርግታ በ2010 ዘጋችው። እኔ ከተማ ሙሉ አልመክርም፤ ለአንድ ሕንፃ ግን ያስኬዳል። መብራት ሲጠፋስ ምን አስበሃል? ራውተሩን በዩፒኤስ (ባትሪ ባለው መጠባበቂያ) ብታቆየውም አዳፕተሩ ይሞታል።

ባለ ፔንሲዮኑ፦
ጄኔሬተር አለ። ቦርዱም ዛሬ ተከፈተ፦ ምድር ቤትና አንደኛ ፎቅ አንድ ፌዝ ናቸው፤ ሁለተኛና ሶስተኛ የየራሳቸው።

ራውተር ነካኪ፦
በቃ፣ አንድ ጥንድ ብቻ ግዛ፤ አንዱ ራውተሩ ጋ፣ ሌላው አንደኛ ፎቅ ይሰካ። ማታ እንግዳ ሲሞላ ፍጥነቱን ለካው፤ ቀን ላይ ሁሉም ቆንጆ ነው። ለላይኞቹ ኮፕለር ከመፈለግህ በፊት የዲሽ ገመድ የሚያልፍበትን ቱቦ እየው። ክፍት ቦታ ካለው ካት 6 የሚባለው የኢንተርኔት ገመድ በዚያው ይሳብ፤ ግድግዳህም አይነካም።

ባለ ፔንሲዮኑ፦
ቱቦው ሰፊ ነው። ነገ ልጁን ገመድ አስገዛዋለሁ።