ክርክር፦ በጎንደርና በጎርጎራ መካከል የቱሪስት ባቡር ያዋጣል?

የአዘዞው፦ ካሪቢያን ውስጥ ሴንት ኪትስ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። እንግዳውን 29 ኪሎ ሜትር በባቡር፣ 19 ኪሎ ሜትር በአውቶቡስ አድርገው በሦስት ሰዓት ገደማ ያዞሩታል። ፉርጎው ባለ ሁለት ፎቅ ነው፤ ላዩ ክፍት መመልከቻ፣ ታቹ ማቀዝቀዣ ያለው። እኛ ጣናን ይዘን ምን አነሰን? ከአዘዞ ተነስቶ በቆላ ድባና በጯሂት አልፎ ጣና ዳር ጎርጎራ የሚገባ ባቡር ይዘርጋ እላለሁ። ተከራከሩኝ።

ድንጋይና ሀዲድ፦ ጋሼ፣ ያ ሀዲድ መጀመሪያ ለቱሪስት አልተሠራም። እ.ኤ.አ. ከ1912 እስከ 1926 የተነጠፈው ሸንኮራ አገዳ ወደ ባስቴር ስኳር ፋብሪካ ለማመላለስ ነው። በ2003 የቱሪስቱ ባቡር ሲጀምር ሀዲዱም ድልድዩም ተዘጋጅቶ ጠበቀው። በ2005 ስኳሩ ሲዘጋ መስመሩ ለጎብኚ ብቻ ቀረ። እኛ የምንጀምረው ከባዶ ነው። እንደነሱ 762 ሚሊ ሜትር ጠባብ ሀዲድ እንኳ ብናደርገው፣ በሜትር 30 ኪሎ የሚመዝን ብረት በሁለት ወገን ሲሰላ ለኪሎ ሜትር 60 ቶን ነው። እስከ ጎርጎራ 60 ኪሎ ሜትር ብንለው 3,600 ቶን። ከሀዲዱ ሥር አግድም የሚነጠፈው ተሸካሚ በየ60 ሴንቲ ሜትሩ ከሆነ ደግሞ 100,000 ፍሬ። ይህ ሁሉ ከጅቡቲ በመኪና ተጭኖ ሊመጣ ነው።

ፒያሳ፦ ወጪው ይቅር፣ ያ ቁልቁለት ባቡር ያስኬዳል እንዴ?

ድንጋይና ሀዲድ፦ እታለም፣ ቁልቁለቱን ተይው። ጎንደር 2,100 ሜትር ግድም፣ ጣና 1,800 ሜትር ግድም ነው፤ በአማካይ በየኪሎ ሜትሩ 5 ሜትር መውረድ ማለት ነው። ለናፍጣ ሎኮሞቲቭ ይህ ምንም አይደለም። ጉዱ ያለው ደንቢያ ሜዳው ላይ፣ ጥቁር አፈሩ ውስጥ ነው። ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ አንዱ ሀዲድ ሲነሳ ሌላው ይሰምጣል። ባለ ሁለት ፎቅ ፉርጎ ክብደቱ ወደ ላይ ስለሆነ በጠባብ ሀዲድ ላይ ትንሽ መዛባት እንኳ ክፉኛ ያወዛውዘዋል። ስለዚህ ጥቁሩን አፈር ቆርጦ ማውጣት፣ በሰሌክት (በተመረጠ የማያብጥ አፈር) መሙላትና መጠቅጠቅ፣ ሀዲዱ የሚያርፍበትን መደብ ከጎርፍ በላይ ማንሳት፣ ከዚያ ጠጠር ማልበስ ይጠይቃል። በየዓመቱም ከክረምት በኋላ ጠጠሩን እንደገና ጠቅጥቆ ደረጃውን ማስተካከል አለ። በጀት ሲያዝ ይህንን የሚያስታውስ ሰው ብዙም አይገኝም።

የደንቢያ ልጅ፦ መደቡ ከፍ ሲል እኮ ግድብ ሆነ ማለት ነው! በቂ ቱቦ ካልተቀበረለት ላይኛው የጤፍና የሽምብራ ማሳ ውሃ ይተኛበታል። ከብቱስ? አጥር ከሌለ ባቡሩ ፍሬን ቢይዝም ወዲያው አይቆምም። ከታጠረ ደግሞ ከብቱ ወደ ውሃ የሚወርድበትን መንገድ ያጣል። በየመንደሩ መሻገሪያ ካልተሠራ አጥሩ ወር አይቆይም።

አስጎብኚዋ፦ ስለ ሰዓቱ ማንም ምንም አላለም። የደሴቷ ባቡር 29 ኪሎ ሜትሩን በሁለት ሰዓት ግድም ነው የሚጨርሰው፤ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። በዚያ አካሄድ ጎርጎራ ለመድረስ ብቻ አራት ሰዓት፣ ደርሶ መልስ ስምንት። እንግዳ ፋሲል ግንብን፣ የፋሲል መዋኛንና ደብረ ብርሃን ሥላሴን አይቶ በማግስቱ ወደ ሰሜን ተራሮች መግቢያ፣ ወደ ደባርቅ ይነሳል። ስምንቱን ሰዓት ከየት ያመጣል? ሴንት ኪትስ ላይ አንድ የመዝናኛ መርከብ በሺህ የሚቆጠር ሰው በአንድ ጠዋት ያራግፋል፤ የባቡሩም ፕሮግራም መርከቡን ተከትሎ ነው የሚወጣው። የእኛ እንግዳ በአውሮፕላን እየተንጠባጠበ ነው የሚመጣው፤ ያውም መንገዱ ሰላም ሲሆን።

የአዘዞው፦ እሺ፣ ግማሹን ልተው። እስከ ቆላ ድባ በአውቶቡስ፣ ከዚያ ወዲያ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ በባቡር፣ መልስ በአውቶቡስ። እነሱም የሚያደርጉት ይህንኑ አይደል?

ድንጋይና ሀዲድ፦ ሐሳቡ መልካም ነው፣ ብረቱም በግማሽ ይቀንሳል። ግን የቀነሱት ደህናውን መሬት ነው ጋሼ፤ ጥቁር አፈሩ እንዳለ ቀረ።

ለገሀር፦ የቱሪስት ባቡር ካማረን ድሬዳዋ እኮ አለች። አሮጌው የጅቡቲ መስመር፣ ባለ 1,000 ሚሊ ሜትር ሀዲድ፣ ጋራዡ ሳይቀር እዚያ ነው። ሀዲድ ካለበት መጀመር ነው እንጂ!

ፒያሳ፦ ታዲያ ጎንደር እጇን አጣጥፋ ትቀመጥ?

አስጎብኚዋ፦ አይደለም። ጀልባ አለ። ጠዋት በአውቶቡስ ጎርጎራ፣ ደብረ ሲና ማርያምን አይቶ ወደ ሐይቁ መግባት፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ማዕበል ሳያነሳ መመለስ። ከደሴቷ የሚቀዳ ነገር ካለ የመቀመጫው ዘዴ ነው፦ ለአንድ እንግዳ ላይም ታችም ቦታ ይያዝለታል። ፀሐይ ሲበረታ ይወርዳል፣ ፎቶ ሲያምረው ይወጣል፣ ማንም በወንበር አይጣላም። ለጀልባም ይሆናል፤ ክብደት እንዳይዛባ ላዩን ዝቅና ቀለል አድርጎ መሥራት ነው።

የደንቢያ ልጅ፦ እምቦጩንስ እህቴ? ፕሮፔለር ላይ ሲጠመጠም ሞተሩ እኮ ቀጥ ነው የሚለው።

አስጎብኚዋ፦ እሱ እውነት ነው። ሞተሩን አጥፍቶ፣ ወደ ላይ ገልብጦ በእጅ መንቀል ነው፤ ትርፍ ሞተርና ረጅም መቅዘፊያ ሳይዙ መውጣት አይገባም። የሚበዛው ደግሞ ከክረምት በኋላ ነው፤ ልክ እንግዳ መግባት ሲጀምር።